አደባባዩን በወንዶቹ አቅጣጫ የዞርኩ ዕለት

ውድ እህቴ ኦብዱሊያ፣

ፊደሌ ቢጣመምብሽ ከደስታ ብዛት እየተጣደፍኩ ስለምጽፍ ነው። ነገ ጠዋት ኤላዲዮ ለሥራ ጀርመን ይሄዳል፤ ዛሬ እሁድ ደግሞ ከተማችን ሳላማንካ ጉድ አየች!

አንቺ ባርሴሎና ከገባሽ ወዲህ አደባባያችን ምንም አልተለወጠም። እሁድ እሁድ በዙሪያው ባሉት ቅስቶች ስር ሴቶቹ በአንድ አቅጣጫ፣ ወንዶቹ በተቃራኒው ይዞራሉ፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ መተላለፍ ነው። እኔና ኤላዲዮም ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ በቁርጥራጭ ስናወራ ከረምን። እማዬ እንደሆነች «መንገደኛ ልጄን አያገኛትም» ብላ ምላለች።

ዛሬ በትልቁ ሰዓት ስር ሲያልፈኝ፣ «ስመለስ ታገቢኛለሽ?» አለኝ። ሳልመልስለት የሴቶቹ ሰልፍ ገፍቶ አሳለፈኝ! በወዲያኛው በኩል ልመልስለት እግሬን አፈጠንኩ። ደረስኩ፤ የለም። ሌላ ዙር ዞርኩ፤ አሁንም የለም። አኩርፎ የሄደ መሰለኝ። ለካ መልሱን መጠበቅ አቅቶት፣ ዞሮ በሴቶቹ መሃል እየተጋፋ ከኋላዬ ይከተለኛል! እኔ እሱን ላገኝ ስሮጥ እሱ እኔን ሊደርስብኝ ይሮጣል።

ከረሜላ ሻጯ ቶሪቢያ፣ «አንቺ ልጅ፣ ቁሚ እንጂ! ሰውዬው ሊሞትብሽ ነው!» ብላ ጮኸች።

ቆምኩ። ኤላዲዮ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰብኝ። «አገባሃለሁ!» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ክንዱን ያዝኩና በወንዶቹ አቅጣጫ አብሬው መዞር ጀመርኩ።

እህቴ፣ ዕድሜ ልኬን እዚያ የማየው የሴቶቹን ጀርባ ነበር። ዛሬ ፊታቸው ሁሉ ወደ እኔ መጣ፤ ከመሃላቸው እማዬ! ስንተላለፍ ፊቷን አዞረችብኝ። የኤላዲዮን ክንድ ግን አልለቀቅኩም። ቀጣዩን ግማሽ ዙር እንዴት እንደሄድኩት እኔ አላውቅም።

እንደገና ስንገናኝ ቆመችና ኤላዲዮን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«በዚህች ስስ ኮት ነው ጀርመን የምትሄደው?»

«ሌላ የለኝም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ማታ ቤት ና። የባለቤቴን ካፖርት ትለብሳለህ።»

የአባባን ካፖርት፣ ኦብዱሊያ! ከሞተ ወዲህ ስንት ሰው ለምኗት እንቢ ያለችውን! አሁን ጓዳ ተቀምጣ የካፖርቱን የላላ ቁልፍ እያጠበቀች ታለቅሳለች። በሩ ተንኳኳ፤ ልክፈትለት።

እህትሽ፣
ካሲልዳ