የሴቶች ሰዓት መጋረጃ

ጎንደር፣ ሚያዝያ 20

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት አንቺንም ቤትሽንም አይለይ። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ስትደውይ «እዚያው እንደተቀመጥኩ ነኝ» ብትልሽ አትጨነቂ። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ እሷ አጠገቤ ሆና «ድምፁን ከፍ አድርጊው» ስለምትለኝ ነው። ለንግድ ወደ እናንተ ለሚመጣው ለጎረቤታችን ለአብዱልባሲጥ ደብዳቤውን ሰጥቼልሻለሁ።

እህቴ፣ የአዲስ አበባ ሰዎች ሊያሳብዱኝ ነው! ስማቸውንና ማሽናቸውን ተከራይቼ ጂም ስከፍት ዋናው መሥሪያ ቤት የሚያግዘኝ መስሎኝ ነበር። ለካ በገዛ እጄ አለቃ ነው የቀጠርኩት። ማክሰኞ መብራት ጠፋ። እዚያ ሆነው ማሽኖቹን በኮምፒዩተር ያያሉና፣ የቅርንጫፎች ኃላፊው በላቸው ደውሎ ለምን ቆሙ አለኝ። መብራት ጠፍቶ ነው ብዬ ብነግረው፣ ሊጠፋ ሲል ለምን ቀድመሽ አላሳወቅሽም ብሎ ተቆጣኝ!

ደግሞ የመጣውን ሁሉ «ሻምፒዮን» እያላችሁ ተቀበሉ የሚል መመሪያ ላኩ። አሠልጣኟ አበቡ የዳባት ልጅ ናት፤ ትልቅ ሰው እንዲሁ መጥራት አይሆንላትም። ጨንቋት ጨንቋት አንዲት የሰባ ዓመት ሴት «እማማ ሻምፒዮን» ብላ ተቀበለቻቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እስካሁን በዚሁ ስም ነው የምንጠራቸው።

ስለ እሳቸው ላጫውትሽ። እውነተኛ ስማቸውን ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ሁለት ዓመት ከቤት አልወጡም ነበር። አሁን ጠዋት ጠዋት በሴቶች ሰዓት፣ የመስታወቱ መጋረጃ ሲዘጋ፣ በባጃጅ ይመጣሉ። ሌላው የሚሮጥበትን ማሽን እሳቸው መያዣውን ጨብጠው ይራመዱበታል፤ አበቡ ከጎን ትደግፋቸዋለች። መጀመሪያ ሦስት እርምጃ ነበር፣ ከዚያ አሥር። ስወድቅ ሰው እንዳያየኝ ስለሚሉ የመጋረጃው ጫፍ ከተገለጠ እንኳ ይቆማሉ። የሚከናነቡት አረንጓዴ ሻርፕ አንቺ አምና ከላክሽው ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ መቼም ገበያው አንድ ነው።

ታዲያ ሰሞኑን ደብዳቤ መጣ። መጋረጃው በአሥር ቀን ውስጥ ካልወረደ ስማቸውንም ማሽናቸውንም ይወስዳሉ። ከመንገድ የማይታይ ጂም ደንበኛ አይስብም ይላሉ። ሴቶቹ እኮ የሚመጡት ስለማይታዩ ነው ብዬ በላቸውን ለመንኩት፤ መጥተህ እይ አልኩት። መመሪያው ለሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ነው አለኝ። ጎንደርን በካርታ እንጂ በእግሩ አያውቃት! ንዴቱ አስለቀሰኝ። መጋረጃውን ባወርድ እማማ ሻምፒዮን አይመጡም፤ ባላወርድ የሚራመዱበት ማሽን ይሄዳል።

ሰምተው ኖሮ ትናንት ጠሩኝ። «ምነው ልጄ፣ ለብረት ታለቅሻለሽ? ይውሰዱት። እኔ መሬቱ ላይ እሄዳለሁ» አሉኝ። ከዚያ የአበቡን እጅ ለቀው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ከማሽኑ እስከ በሩ ሄዱ። አበቡ አፏን ይዛ ቀረች። እኔም ከመጋረጃው ጋር ተጠግቼ ጫፉን ያዝኩት፣ ነፋስ እንዳይገልጠው።

ዛሬ ለበላቸው ጻፍኩለት። መኪና ላኩና ዕቃችሁን ውሰዱ፣ መጋረጃው የኔ ነው አልኩት። ነገ በምን እንደምሠራ አላውቅም። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽሽም። አዳራሹ፣ ምንጣፉና አበቡ ግን አሉኝ።

ለዒድ ለእማዬ ይዤ እመጣለሁ ያልሽውን ተሽከርካሪ ወንበር ተይው፤ ሻንጣ ያበዛብሻል። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወርጂም እንደ ልማድሽ እየሮጥሽ እንዳትመጪብን። ከበሩ ወጥተሽ ቁሚ። የፈለገ ቢዘገይ እንኳ፣ እስኪደርሱብሽ ድረስ ከቦታሽ እንዳትነቃነቂ።

አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ለዚያች ቀን ሁላችንንም በጤና ያድርሰን።

መሐላዋን ያላፈረሰችው
ታናሽ እህትሽ