የመጨረሻው መስመር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ዘይነባ፣ ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር ካለው መጋረጃ ቤታቸው አስጠሩኝ። የሌላ ሱቅ ዌብሳይት ስልካቸው ላይ አሳይተውኝ «ልክ እንደዚህ አርገሽ ስሪልኝ። በምን እንደተሰራ ይታወቃል?» አሉ።

ላፕቶፔን ከፈትኩ። የተሰራበትን ፍሬምወርክ ለማወቅ ዌብሳይቱ ኮምፒውተሬ ላይ የሚተወውን ኩኪ የሚባል ትንሽ ፋይል ማየት በቂ ነበር፤ ላራቬል የሚባለው ነው። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ልማድ ሆኖብኝ የገጹን ኮድ እስከ ታች ወረድኩት።

ከድሮ የስራ አጋሬ ከዳዊት ጋር ለቡ በተከራየናት አንድ ክፍል ስንሰራ፣ ዌብሳይት በጨረስን ቁጥር የዕለቱን ምሳችንን ኮዱ መጨረሻ ላይ እንጽፍ ነበር። ገጹ ላይ አይታይም፤ ከሁለታችን ሌላ የሚያውቅም የለም። «ዛሬ ፓስታ። ጨው በዝቶበታል።» ጨው የማበዛው እኔ ነኝ። ተጣልቼው የወጣሁትም እኔ ነኝ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነን።

የዚህ ዌብሳይት ኮድ የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ሽሮ። ለሁለት ሰው አዝዤ ተረፈኝ።»

መስመሩን ደግሜ አነበብኩት።

«እሺ የኔ ልጅ፣ በምንድነው?» አሉኝ።

«በላራቬል ነው፣ እትዬ።»

«የሰራውን ልጅስ አይናገርም?»

«እሱን አይናገርም» አልኳቸው።