አባትሽ የከፈለው ኅብስት

ሐሙስ፣ ሰኔ ዘጠኝ

የሆዴ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ፣ ትንሹ ልጅሽስ ደህና ናቸው? አድራሻሽን ያገኘሁት ከጓደኛሽ፣ ከፀጉር ሠሪዋ ነው። የልጅሽን ስም ግን ልጠይቃት አፈርኩ።

ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ልጄ። አባትሽ አርፏል። የቀበርነው ማክሰኞ ነው።

ስትሮክ ከመታው ወራት አልፈዋል። ቀኝ ጎኑ በድን ሆነ፤ ያ መዶሻ የለመደ እጁ ማንኪያ እንኳ አልይዝ አለው። እሱን ያንገበገበው ግን አናጺነቱ መቅረቱ አልነበረም። «ተንበርክኬ መጸለይ አቃተኝ፤ በምን ፊቴ ነው የምቀርበው?» እያለ ያለቅሳል። ሳጥበው፣ ሳጎርሰው ያፍራል። «ምን አድርጌልሽ ነው?» ይለኛል። «ወይ አንተ ሰውዬ! ዝም ብለህ ዋጥ አድርግ» እለዋለሁ።

ባለፈው እሁድ አዲሱ ፓስተር የጌታን እራት ይዞ ቤት ድረስ መጣ። አባትሽ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አይገባኝም» አለ።

«አባባ፣ የሚገባው ማን አለ? እንዲሁ የሚሰጥ እኮ ነው» አለው ፓስተሩ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ።

አባትሽ ፊቱን ወደ እሱ መለሰ። ከዚያ በተኮላተፈ አፉ «ለልጄም?» አለ።

«ለልጅዎም።»

«አግብቶ የፈታ ሰው ያገባችውም?»

«ለእሷም።»

«ታዲያ እኔ ማን ነኝና ከለከልኳት?» ብሎ ጮኾ አለቀሰ። ያን ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሆኖ በምእመኑ ፊት ቆሞ፣ ከጌታ እራት መታገድሽን በገዛ አፉ ሲያነብ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም ነበር። ታስታውሻለሽ። እኔም ፊተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ።

ኅብስቱን በግራ እጁ ተቀበለና በጥርሱ ከፈለው። ግማሹን በላ፤ ግማሹን ጨብጦ አልለቅም አለ። «የእሷ ነው፤ መጥታ ትውሰድ።» ፓስተሩ እንዲህ አይደረግም ሊል ይችል ነበር። አላለም።

ሰኞ ጠዋት ቁርሱን ይዤለት ስገባ ትንፋሹ የለም። ቁራሹን ከመዳፉ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬልሻለሁ።

ነይ ብዬ አላስጨንቅሽም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ልጅሽም ገና ሕፃን ነው። ባልሽን ሰላም በይልኝ። «ልጄ» ብላሃለች በይው። እግዚአብሔር ሳይመዝን፣ ሳይቆጥር ይባርካችሁ።

ስትጽፊልኝ፣ ከሆነልሽ፣ እንደ ድሮው «እማ» በይኝ።

እናትሽ