አንድ ስንዝር የቆፈሩት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን፣ ባልደረቦቻቸው በፍቅር «አካፋው» የሚሏቸው የአፈር መርማሪ፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። በትምህርታቸው ጎበዝ ስለነበሩ ኬሚስትሪ አጥንተው በሃያ አራት ዓመታቸው በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በዚያው ዓመት እናታችንን አግብተው በኋላ እኔንና ሁለት ወንድሞቼን ወለዱ። ጭቃ ተሸክመው ሲገቡ እናታችን ቢቆጡ «ደሞዜ ነው፣ አትጥረጊው» ይሉ ነበር።

በከተማችን የነበረውን የባትሪ ፋብሪካ ግቢ አሥራ ስምንት ዓመት ተከታትለዋል። «ከቁጣ ፍቅር ያሠራል» ባይ ነበሩ፤ እውነትም ከባለቤቱ ጋር ተግባብተው የቆሻሻ ውሃውን ቦይ አስደፍነዋል። ፋብሪካው ሲዘጋ ባለቤቱ መሬቱን ለመኖሪያ ቤት መሸጥ ፈለጉ፤ ባትሪው ከሚተወው የእርሳስ መርዝ መጽዳቱን ማረጋገጥ የአባታችን ድርሻ ሆነ። በመሥሪያ ቤቱ ልማድ ከምርመራው አሥር ቀን በፊት ለባለቤቱ የማሳወቂያ ደብዳቤ ይጻፋል። በእነዚያ አሥር ቀናት ባለቤቱ ከሌላ ቦታ ቀይ አፈር አስመጥተው ግቢውን አለበሱት። ቅጹ አንድ ስንዝር ቆፍሩ ይላል፤ አባታችንም አንድ ስንዝር ቆፍረው ፈረሙ። ለካ ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ሰውየውን ከማመናቸው የተነሣ እኔንም እዚያው ቤት እንድገዛ መከሩኝ።

ልጄ አራት ዓመት ሞልቷት «እማ» ማለት አቃታት። ሐኪሙ ደሟ ውስጥ እርሳስ አገኘ። አባታችን በዚያው ቀን አካፋቸውን ይዘው መጥተው ጓሮዬን ቆፈሩ፤ ክንድ ሲያልፉ ግራጫ አፈርና የባትሪ ስብርባሪ ወጣ። ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፊርማቸው ተሽሮ መሬቱ እንዲጸዳ ሰባት ዓመት ደጅ ጠኑ። መሥሪያ ቤቱ «ባለቤቱን እያነጋገርን ነው» ይላል፤ ባለቤቱ «ንጹሕ ነው ብለው የፈረሙት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» ይላሉ። አሥራ አራት ደብዳቤ ጻፉ። አጠፋሁ ብሎ የሚጮህ ሰው ሰሚ ያጣል ብሎ ማን ይገምታል?

በኩላሊት ሕመም ስድስት ወር ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። የመጨረሻ ቃላቸው «መልስ መጣ?» የሚል ነበር። አልመጣም።

እናታችንን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና እስካሁን ስማቸውን ጠርታ የማታውቅ አንዲት የልጅ ልጅ ትተዋል። በዚያ መሬት ላይ ዛሬም አርባ ሁለት ቤተሰብ ይኖራል፤ አንዳንዶቻችሁ እዚህ ቆማችኋል። እኔም እዚያው ነኝ፤ ቤቱን ለየትኛዋ እናት ልሽጠው? የፋብሪካው ባለቤት የአበባ ጉንጉን ልከው ነበር፤ መልሰነዋል። አሥራ አምስተኛውን ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት እኔ ፈርሜያለሁ።

አባዬ፣ ወንድሞቼ ማረፊያዎን በራስዎ አካፋ ቆፍረዋል። እስከ ታች ድረስ አየነው፤ ንጹሕ ነው። አፈሩ ይቅለልዎት፤ ፈጣሪ ነፍስዎን ያሳርፍልን።