ሱቆቹ የእኔ ናቸው

አሰላ፣ ሰኞ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእንደሻው፣

ጤናህን አልጠይቅም። ቅዳሜ ዕለት ጫማው ተወልውሎ፣ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሰፈራችን ሲንጎማለል የታየ ሰው ጤናው አይጠየቅም። አንተም የእኔን አልጠየቅክም። ከሁሴኖ ሱቅ እስከ በሬ ያለው መንገድ ምን ያህል እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ ብትፈልግ ኖሮ ታንኳኳ ነበር።

ያልደወልኩት ቁጥርህ ጠፍቶኝ አይደለም። በስልክ ስጮህብህ ትስቃለህ፤ ስትስቅ ደግሞ የጀመርኩትን ጠብ ሳልጨርስ እኔም እስቃለሁ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ በዚህ ሳቅ ተሸንፌያለሁ። ወረቀት ላይ አትስቅብኝም። ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ሄደህ የገባህበት ሳጉሬ ሱቅ የለም ወይ? ገበያ የለም ወይ? አገሩ በነጋዴ ተሞልቶ፣ ምላጭና ሻይ ቅጠል ለመግዛት በሚኒባስ ተሳፍሮ አሰላ ድረስ፣ ያውም ጥሎ የሄዳት ሚስቱ በየቀኑ ከምትገዛበት ሱቅ ድረስ የሚመጣ ሰው ዓይኑን በጨው የታጠበ ነው። ከሻይ ቅጠሉ ጋር የሴት ፀጉር ቅባት መግዛትህንም ሰምቻለሁ። የዚያ ቅባት ሽታ እኔን ራሴን እንደሚያዞረኝ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ለማን እንደገዛህ ለመገመት ማንም አልተቸገረም።

አንተ የማታውቀው ነገር አለ። ኅዳር ላይ ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ ለማንም አልተናገርኩም። ሁሴኖ «ኦቦ እንደሻው ጠፉ» ሲለኝ «መሥሪያ ቤቱ ሳጉሬ አዛውሮት ነው» አልኩ። ማሚቱ ጉሊት ፊት ቆሜም ይህንኑ ደገምኩት፤ ስጋ ቤት ለየኋላሸትም እንዲሁ። አንዴ ከተናገርኩ በኋላ ደግሞ እንደ ቃሌ መኖር ነበረብኝ። ባሏ ለሥራ የሄደባት ሴት ዕቃ ትልክለታለች እንጂ ድንገት ምላጭ መግዛት አታቆምም።

ስለዚህ ገዛሁ። ሁሴኖ ስኳሬን ሲመዝን ሳልጠይቀው ምላጭህን ከመደርደሪያው አውርዶ ይጨምርልኛል፤ የድሮ ልማዱ ነው። እኔም «ጎሽ፣ ልረሳው ነበር» እላለሁ። የኋላሸት አንተ የምትወደውን ቦታ ለይቶ ይቆርጥልኛል፤ «በሚኒባስ ልልክለት ነው» ብዬ እቀበለውና ቤት ገብቼ ብቻዬን እየተናደድኩ እበላዋለሁ። ከማሚቱ ቃሪያ እገዛለሁ። ጨጓራዬን ታውቀዋለህ፤ በሕይወቴ ቃሪያ በልቼ አላውቅም። ግን መጣሉ ግፍ መስሎኝ ያንተን ቃሪያ መብላት ጀመርኩ። ምንም አላለኝም። አልፌ ተርፌ «ተመስገን፣ ጨጓራዬ ዳነ» አልኩ።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሁሴኖ ጋ ገባሁ። ሱቁ ሰው ሞልቶታል፤ የዕድራችን ጸሐፊ ሚስት ሳትቀር ባንኮኒው ላይ ተደግፋለች። ሁሴኖ ስኳሩን መዘነ፣ ሳሙናውን አስቀመጠ፣ ፌስታሉን አሰረ። ምላጭ የለም። ዝም ብዬ መውጣት ስችል አፌ አላርፍ አለ።

«ምላጩስ ሁሴኖ?»

ሚዛኑን በጨርቅ መወልወል ጀመረ። ንጹሕ ሚዛን ነው የሚወለውለው።

«ትናንት ራሳቸው ወሰዱ፣ ቲቸር።»

«መጥቶ ነበር እንዴ?» አልኩ።

ባሏ ከተማ መግባቱን ከባለሱቅ የምትሰማ ሚስት! የጸሐፊው ሚስት ባንኮኒው ላይ የፈሰሰ ስኳር በጣቷ መልቀም ጀመረች። ሰው እስኪወጣ ጠበቅኩና ሁሴኖን ያዝኩት።

«አንተ፣ ምን የምታውቀው ነገር አለ?»

«ማሎ ቲቸር፣ ይተዉኝ።»

«ተናገር አልኩህ!»

«ከኅዳር ጀምሮ አውቃለሁ። ሳጉሬ ያለው የአጎቴ ልጅ ነግሮኛል። ሰፈሩም ያውቃል። እርስዎ ‹ልልክለት ነው› እያሉ ሲወስዱ እንዴት ‹ውሸት ነው› ልበል? ወላሂ፣ ላሳፍርዎት ብዬ አይደለም።»

የስድብ መዓት አወረድኩበት። ምንም ያላጠፋ ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ አንተ ልትሰማው የሚገባውን ሁሉ እሱ ሰማው። ከዚያ ወጥቼ ማሚቱ ላይ ዞርኩ። በፀሐይ ጃንጥላዋ ሥር ሽንኩርቷን እየከመረች ነበር።

«አንቺስ? አንቺም እያወቅሽ ነው ስትስቂብኝ የከረምሽው?»

«ማን ሳቀብሽ አስፉ?» አለች፤ ቀና እንኳን አላለችም። «እኔ ከገና በፊት ጀምሮ ቃሪያውን አንድ በአንድ እየመረጥኩ የማያቃጥለውን ነው የምሰጥሽ። የምትበዪው አንቺ መሆንሽን እያወቅኩ የሚፋጀውን ልስጥሽ?»

ጨጓራዬ አልዳነም እንደሻው። ቃሪያው ነው።

ምን እንዳደረግከኝ ይገባሃል? ቢሰድቡኝ መልስ አላጣም ነበር፤ አፌን ታውቀዋለህ። ሲያዝኑልኝ ግን ምን ልበላቸው? እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ የተራመድኩ እየመሰለኝ፣ ሰፈሩ በሙሉ እንዳልወድቅ ደግፎ ይዞኝ ነበር። ሌሊቱን ያለቀስኩት አንተ ስለሄድክ አይደለም። ለእሱ ኅዳር ላይ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ከእንግዲህ በዚያ መንገድ እንዴት አልፋለሁ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስወጣ በእልህ ሰፈሬን አልፌ መናኸሪያው አካባቢ የተከፈተው ትልቁ ሱፐርማርኬት ሄድኩ። ማንም የማያውቀኝ ቦታ ልግዛ ብዬ ነው። ቅርጫት ይዤ ዞርኩ። ሰላም የሚለኝ የለም፤ «ዛሬ ብርዱ እንዴት ነው ቲቸር?» የሚለኝ የለም። ሒሳብ የምትቀበለዋ ልጅ ፊቴን ሳታይ «ሌላስ?» አለችኝ። ሁለተኛ ደግማ «ሌላስ?» ስትለኝ ንዴቴ ሁሉ ወደ አንተ ዞረ። ሰፈሩን ጥሎ የሄደው ማነው? እኔ ነኝ? ታዲያ እኔ ለምንድነው የምሰደደው? ቅርጫቱን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ዳገቱን እያለከለክኩ ወጥቼ በቀጥታ ሁሴኖ ጋ ገባሁ። ሰው ነበር፤ የጸሐፊው ሚስትም አለች፤ እሷ የሌለችበት ቀን የለም። እኔም እንደ ክፍል ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

«እንደሻው ትቶኝ ሄዷል። ሳጉሬ ከሌላ ሴት ጋር ነው የሚኖረው። የልብስ ሳሙና ስጠኝ» አልኩ።

ሁሴኖ ሳሙና አወረደልኝ። ከዚያ የጸሐፊው ሚስት እጄ ላይ ያለውን አየችና «ያንን አትውሰጂ፣ ቶሎ ይሟሟል፤ ቢጫው ይሻልሻል» አለችኝ። ቢጫውን ወሰድኩ። ማሚቱ ስወጣ ጠብቃ ቲማቲም ጨመረችልኝ፤ ቃሪያ አልሰጠችኝም። በኅዳር ልለው የሚገባኝን ዛሬ ብዬ ቀለለኝ፤ ላንተ ያለኝ ንዴት ግን አንዲት ፍሬ አልቀነሰም።

እንግዲህ ስማ። ነገ ዛሬ ሽማግሌ ልከህ ንብረት እንካፈል ማለትህ አይቀርም። ቴሌቪዥኑን ውሰድ። ሶፋውንም ውሰድ፤ ድሮም ያንተ ምርጫ ነው፤ ወገብ ይሰብራል። ሱቆቹ ግን የእኔ ናቸው። የሁሴኖ ባንኮኒ፣ የማሚቱ ጉሊት፣ የኋላሸት ስጋ ቤት፣ ከወፍጮ ቤቱ እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ በሙሉ የእኔ ነው። አንተ እዚያ መግዛት አቁመሃል። ያቺ ሴትም ቅባቷን ከራሷ አገር ትግዛ።

መሳቢያዬ ምላጭ በምላጭ ሆኗል። ሁሉንም በፌስታል አስሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለሚኒባሱ ረዳት እሰጠዋለሁ። ደግነት እንዳይመስልህ፤ ለመምጣት ሰበብ እንዳይኖርህ ነው። ሌላ ምላጭ ስትጠቀም አንገትህ ሥር ሽፍ ይልብሃል፤ ያቺ ሴት ይህን ገና አታውቅም። ሲያልቅብህ ለረዳቱ ንገረው፤ ገዝቼ እልክልሃለሁ። አንተ ግን እንዳትመጣ።

እግዚአብሔር የሚገባህን ይስጥህ። ምን እንደሚገባህ ለእሱ ትቼዋለሁ፤ እኔ ብመርጥልህ አይበጅህም። የሳጉሬ ብርድ ከእኛ አይሻልም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጃኬቱን ትከሻህ ላይ ከመጣል ልበሰው።

አሰፋሽ

ይህን ረስቼ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ከረፋዱ ጀምሮ ሁሴኖ ሱቅ ነው የምገኘው። ድንገት እንዳንገናኝ ብዬ ነው የምነግርህ።