ወባን በግራፍ ላጠፉልን ሰብሳቢ

ለክቡር የወባ ወረርሽኝ ግምት ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ፤ ትንኝ የማትደርስበት ፎቅ ላይ ያለው ቢሮዎ ጤናዎን ጠብቆ እንዲያቆይልን ምኞቴ ነው። እኔ ላንቴ ቀበሌ የምኖር የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ የምጽፍልዎት ለማመስገን ነው።

አንደኛ፣ በቀበሌ አዳራሻችን ፕሮጀክተር አቁመው፣ ወደ ታች የምትንሸራተት ቀይ መስመር አሳይተው፣ ወረርሽኙ ማብቃቱን ስላበሰሩን አመሰግናለሁ። መስመሯ የወረደችው በጤና ኬላችን መመርመሪያው አልቆ የታመመው ሁሉ ሳይመረመር ስለሚመለስ መሆኑን በትሕትና ባስረዳዎት፣ «የእኔ እህት፣ መስመሯን ያወጣው የሒሳብ ሞዴል ስሜት አያውቅም» ብለው አስተማሩኝ። እውነትዎን ነው፤ ሞዴል የሚያውቀው የነገሩትን ብቻ ነው። ያልተመረመረውን ሁሉ ጤነኛ ብሎ መንገር ግን የሒሳቡ ጥፋት አይደለም፤ የነጋሪው ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ እንኳ አይሠሩትም።

ሁለተኛ፣ በዚያችው መስመር ተማምነው የሕክምና ድንኳናችንን ስላስነቀሉልን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በሳምንቱ ነፍሰ ጡር የነበረችው ጎረቤቴ እጅጋየሁ በትኩሳት ወደቀች። ባሏ ኦይታ ደግፎ ድንኳኑ ወደነበረበት ሜዳ ቢያደርሳት የካስማ ጉድጓድ ብቻ ጠበቃቸው። ሙዝ በምትጭን ፒካፕ ላይ አስተኝተናት ወደ ከተማ ስንገሰግስ፣ ራሷን ጭኔ ላይ እንዳስደገፈች ድንኳኑን ለምን እንዳነሡት ጠየቀችኝ። ወረርሽኙ አልቋል ተብሎ ነው አልኳት።

«እኔ ሳልድን?» አለች።

ከተማው ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሞቹ ሕፃኗን አተረፉ፤ እናቲቱን ግን አልቻሉም።

ሦስተኛውን ምስጋና በቁጥር ማስቀመጥ አቃተኝ። ከለቅሶው በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ትኩሳት ያለበትን ጠየቁ፤ እኔም ከዚያ ተነሥቼ የበሽታውን ስፋት፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ግምት ለይቼ አስልቼ ቢሮዎ ድረስ አመጣሁ። መረጃው ያልጸደቀ ነው ብለው በፈገግታ ሸኙኝ። በኋላ መመርመሪያው ሲመጣ መስመርዎ ሽቅብ ተተኮሰች፤ እርስዎም በሬዲዮ ቀርበው «ሁለተኛ ማዕበል» መነሣቱን ነገሩን። ዐይኑን ጨፍኖ የከረመ ሰው በገለጠ ቀን «ፀሐይ ዛሬ ወጣች» እንዳለው መሆኑ ነው። ድንኳኑም ተመለሰልን፤ ተመስገን ነው።

አሁን የምለምንዎት ትንሽ ነገር ነው፤ ከእንግዲህ ግራፍ ይዘው ሲመጡ፣ ስንት ሰው እንደታመመ ከመናገርዎ በፊት ስንቱን እንደመረመሩ ይንገሩን።

ከማያልቅ አክብሮትና ቶሎ ከማይበርድ ቁጣ ጋር፣
በእርስዎ ግምት መሠረት ጤነኛ የሆነችው

ሩሐማ ክብሩ
ላንቴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኦይታ ሬዲዮውን ሰምቶ፣ «እጅጋየሁ የሞተችው በመጀመሪያው ማዕበል ነው በሁለተኛው?» ሲል ጠየቀኝ። ግራፍዎን ዘርግቼ ፈለግሁለት፤ እሷ በሞተችበት ሳምንት ላንቴ ውስጥ ወባ አልነበረም። እኔ እንዲህ ብዬ ልነግረው አልደፈርኩም፤ እባክዎ መጥተው እርስዎ ይንገሩት፤ ቤቱን አሳይዎታለሁ።