ሦስት ጊዜ ዘግይታለች

ኅዳር 24፣ ረፋድ 4 ሰዓት
ጉልበቴን በቅባት አሸሁ። ጎመኑን ኮተኮትኩ። ልጄ ትርሲት ከብድር ተቋሙ ተመለሰች፤ ፊቷ ጠቁሯል። ለበርበሬ ወፍጮ መግዣ ልትበደር ነበር፤ ዋሷ እኔ። የእናትሽ ዋስትና አይያዝም ብለዋታል። በብድር መረጃዬ ላይ «ሦስት ጊዜ ዘግይታ ከፍላለች» የሚል ሰፍሯል አሉ። እኔ! ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ! የጣሪያ ቆርቆሮ የገዛሁበትን ብድር ቀን ሳላዛንፍ ከፍዬ ጨርሻለሁ። ወፍጮውን የሚሸጠው የወልቂጤ ሰው ደግሞ የሚጠብቀን እስከ ኅዳር 30 ነው። ደብተሬ፣ እዚህ ነገር ውስጥ የሰው እጅ አለበት።

ኅዳር 25
ተቋሙ ሄድኩ። ሠራተኛዋ እማማ ትለኛለች፤ ወ/ሮ ብዬ ስሜን ከነአባቴ ብነግራትም። «እማማ፣ እኔ አይደለሁም፤ ሲስተሙ ነው የሚለው።» የሲስተሙን አለቃ ጥሪልኝ አልኳት። ሳቀች። ወረቀት አውጥታ አሳየችኝ፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፤ ሦስቱም ዘግይቷል ይላል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ታምሜ ስለዘገየሁ ይቅርታ ይደረግልኝ ብዬ ባመለክት፣ ሥራ አስኪያጁ ያሰርዝልኛል። ያልለመንኳት ደግነት ከየት መጣ? ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ብዬ ልፈርም?

ያው ቀን፣ ማታ 1 ሰዓት
አንድ ነገር ልቤ ገባ። መጻፉም ያሳፍራል። ጉልበቴ ስላመመኝ በየወሩ ገንዘቡን ያደረሰችልኝ ትርሲት ናት። ጥቂት ቀን ነግዳበት ቢሆንስ? ነጋዴ ናት። የነጋዴ እጅ ደግሞ ብር ይዞ ዝም አይልም።

ኅዳር 26
ደረሰኞቹን አምጪ አልኳት። ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። መስከረም 5፣ ጥቅምት 5፣ ኅዳር 5። ውሉም በየወሩ በ5 ይላል። አላመንኩም። ማኅተሙን ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁ። ቀለሙን አስተያየሁ። «እማዬ፣ ላሺው እንጂ፤ ይለቅ እንደሆነ!» ብላኝ ወጣች። ምሳ አልበላችም።

ኅዳር 27፣ ንጋት 12 ሰዓት
አገኘሁት! በሠራተኛዋ ወረቀት ላይ በሦስቱም ወራት አንጻር 5 ቀን የሚል ነበር። መዘግየት እንዴት ሦስቴ እኩል ይሆናል? ከነሐሴ 5 ክፍያዬ ጀምሬ ቆጠርኩ። ሠላሳኛው ቀን ጳጉሜን 5 ላይ ወደቀ። ሲስተም የሚሉት በሠላሳ በሠላሳ ቀን ነው የሚቆጥረው። ጳጉሜን መኖሯን አያውቅም። ከዚያ ወዲህ በየወሩ አምስት ቀን ቀድሞኝ ይቀመጣል። በሥራ ዘመኔ ለጳጉሜን ደመወዝ ተከፍሎኝ አያውቅም፤ ዕዳ ሲሆን ግን ተቆጠረች!
ትርሲትን ጠራሁ። ጠርጥሬሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ አልኳት። «መጠርጠሩንስ ለምጄዋለሁ፤ ይቅርታሽ ነው ያስደነገጠኝ።»

ኅዳር 28
ሠራተኛዋ ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። ልክ ነዎት፣ ወ/ሮ አስካለ አለችኝ። ችግሩ ሌላ ነው። ስህተት የሚታረመው አ.አ. ዋናው መ/ቤት ነው፤ እስከ አንድ ወር ይወስዳል። የሕመሙ ማመልከቻ ግን እዚሁ በሥራ አስኪያጁ ዛሬውኑ ያልቃል። ትርሲት ጎኔ ተቀምጣለች። ጻፊው እማዬ፣ ምን ይጎድልሻል ትላለች። ብዕሩን አነሳሁ። ወፍጮው የእሷ እንጀራ ነው። ዘግይቻለሁ የሚል ወረቀት ግን በእኔ ፊርማ ለዘለዓለም ፋይል ውስጥ ሊኖር ነው። እንዲህ ጻፍኩ፦ አልዘገየሁም፤ ስህተቱ ይታረም። ቅጂው ላይ ማኅተም አስመታሁ። ትርሲት ሳትጠብቀኝ ወደ ቤት ቀድማ ሄደች።

ኅዳር 29፣ ማለዳ
እንቅልፍ የለም። እውነቱ የእኔ፣ ክፍያው የልጄ ሆነ። አይሆንም። ወልቂጤ እሄዳለሁ። በስልክ አይለመንም። ወፍጮውን አንድ ወር አቆይልን እለዋለሁ። በዕድሜዬ ማንንም ቀን ጨምርልኝ ብዬ አላውቅም። እንዴት እንደሚባልም አላውቅ። እባክህ ይቅደም ወይስ ምክንያቱ? ትርሲት እኔም እሄዳለሁ ብላ ነጠላዋን ለብሳለች። ሚኒባሱ ሳይሞላ ብላ እየጠራችኝ ነው። በቃ፣ እባክህ ይቅደም።